ራዶስቲን ካልቼቭ እና የማይሞቱት የበግ ህዋሶቹ

ያምቦል ከተማ ውስጥ ራዶስቲን ካልቼቭን የማያውቅ ሰው የለም። ለዚህም ራሱ በደንብ ለፍቷል። በቱንጃ ወንዝ ዳር ሲንሸራሸር ሰላም ያላለውን ሰው ተከትሎ ሄዶ ሰላም የሚያሰኝ፣ ዳቦ ሊገዛ ሲሰለፍ እንኳ ነጭ ጋዋኑን የማያወልቅ ሰው ነው።

አባቱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ደግና ዝምተኛ ሰው ናቸው ይባላል። እናቱ ግን ልጃቸው ገና አፍንጫውን መጥረግ ሳይችል “ዶክተሬ” እያሉ እየጠሩ አበላሹት። የጎረቤት ድመት ብታነጥስ “ቆይ፣ ራዶስቲን ይያት” ይሉ ነበር። እሱም ያያል። ምን እንደሆነች ሳያውቅ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ “ሳንባዋ ነው” ብሎ ይፈርዳል። ድመቷ በማግስቱ አጥር ላይ ስትዘል ከታየች ደግሞ ያዳናት እሱ ነው። እንዲህ እየተባለለት አድጎ የእንስሳት ሐኪም ሆነ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅ አገባ፣ ቀጥሎም እኔ ወደምሠራበት የእንስሳት ጤና ምርምር ተቋም መጣ።

ክፍሎቻችን ጎን ለጎን ነበሩ። እኔ ጥገኛ ትሎች ክፍል ነኝ፤ እሱ ህዋስ ማሳደጊያ ክፍል ገባ። ግድግዳው ስስ ስለነበር የሱፍ ፍሬ ሲፈለፍል ሳይቀር ይሰማኛል። የጋዋኑ ቀኝ ኪስ ሁልጊዜ በሱፍ የተሞላ ነው፤ ግራው ደግሞ በልጣጩ። ህዋስ የሚያድግበት ክፍል ከቀዶ ጥገና ክፍል የማይተናነስ ንጽሕና እንደሚፈልግ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ራዶስቲን ጽሑፉን ያነባል፤ ልጣጩን ትፍ ይላል፤ ይገባል።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። የቱንጃ ዳር ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ላይ የሚግጥ በግ የጉበት ትል አያጣውም። ትሉ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ጉበት ውስጥ ገብቶ የሐሞት ቱቦው ውስጥ ይሰፍራል። በጉ ይከሳል፣ ከመንጋጋው ሥር ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ አንድ ጠዋት በረት ውስጥ ተዘርሮ ይገኛል። የቆየው መድኃኒት ትሉን መግደል እያቃተው ስለመጣ አዳዲሶቹን መሞከር ግድ ሆነ። ለእያንዳንዱ ሙከራ በግ ከማጥፋት ይልቅ ግን የሐሞት ቱቦውን ህዋሶች ሳህን ላይ አሳድጎ፣ መድኃኒቱ እነሱን ይጎዳ እንደሆነ ቀድሞ ማየት ይሻላል ተባለ። ሥራው ለራዶስቲንና ለማልቪና ተሰጠ።

ማልቪና ከራዶስቲን ጋር በአንድ ዓመት የተመረቀች፣ በአነጋገሯ ቁጥብ፣ ስትናደድ ግን ምላሷ የሚቆርጥ ሴት ናት። ጉበቱን የሚሰጡን ደግሞ ጋሼ ጌንቾ ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብላ ባለች መንደር ትንሽ ቄራ አላቸው። ጉበቱን ከበጉ ሆድ እንደወጣ በረዶ ላይ አስቀምጠው፣ በአሮጌ መኪናቸው እየነዱ ራሳቸው ያመጡልናል። በነጻ ነው። ራዶስቲን መጀመሪያ ሄዶ “ለሳይንስ ነው” ብሏቸው ነበርና ሳይንስን ማስከፈል ነውር መሰላቸው።

ሥራው ቀላል አይደለም። የጉበቱን ደም በጨው ውሃ ታጥባለህ፤ ህዋስን ከህዋስ የሚያላቅቅ ኢንዛይም በለብታ ታስገባለህ፤ ሲላላ በቀስታ ትወዘውዘዋለህ፤ ታጠልለዋለህ። ከዚያ ሮዝ ቀለም ባለው ምግባቸው ውስጥ አድርገህ የበግ ገላ ያህል በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ታሳድራቸዋለህ። የጉበቱ ዋና ህዋሶች ጥቂት ቀን ቆይተው ይሟሽሻሉ። የሐሞት ቱቦዎቹ ግን ከታደልክ እዚህም እዚያም እንደ ደሴት ይወጣሉ። በዙሪያቸው የሚበቅል እንደ ጅማት የረዘመ ሌላ ዓይነት ህዋስ አለ፤ እሱ አረም ነው። እያዩ ካልነቀሉት ሁሉንም ይውጣል። አረሙን የሚያሸንፈው ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ራዶስቲን ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ሱፍ ሊገዛ ወጥቶ ነበር መሰለኝ።

የማልቪና ህዋሶች ለሳምንታት ያድጉላታል። ከዚያ እንደማንኛውም ከሕያው ገላ እንደተወሰደ ነገር ይደክማሉ፣ ይሰፋሉ፣ መባዛት ያቆማሉ። እሷም ጋሼ ጌንቾን ሌላ ጉበት ትለምንና እንደገና ትጀምራለች። ይህ ለራዶስቲን የማይጠገብ ቀልድ ሆነለት።

“ያንቺዎቹ ምን ሆነው ነው ለጡረታ እንዲህ የሚቸኩሉት?” ይላታል ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ።

“የበግ ናቸው፣ ራዶስቲን። በግ ዕድሜው የተወሰነ ነው።”

“ቁም ነገሩ እጅ ነው፣ እጅ!”

“እጅህንማ መጀመሪያ ታጠበው።”

እዚያው ክፍል፣ እዚያው ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ የውሻ ኩላሊት ህዋሶች ይኖሩ ነበር። ቫይረስ የሚያጠኑ ሰዎች በየአገሩ ሲያራቧቸው የኖሩ፣ ድካም የማያውቁ፣ ሞት የረሳቸው ፍጥረቶች ናቸው። አንዲት ጠብታቸው ሌላ ሳህን ላይ ከወደቀች ባለቤቱን አስወጥተው ቤቱን ይወርሳሉ። እነሱንም የሚመግባቸው ራዶስቲን ነበር። አንድ ቀን ማልቪና የውሻውንና የበጉን ሳህኖች ጎን ለጎን ከፍቶ፣ ከአንድ ጠርሙስ እየቀዳ ሁለቱንም ሲያጠጣ አገኘችው።

“ምን እያደረግህ ነው? ጠርሙሳቸውን ለይ እንጂ! ደግሞ ሁለቱን በአንድ ላይ አትክፈት።”

“ይኼን ትእዛዝ ለባልሽ አስቀምጪለት፤ እኔ እናት አለችኝ።”

“እናትህ ናት እንዲህ ያደረገችህ” ብላው ወጣች። እኔ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ሰምቻለሁ።

በጥር፣ ከአዲስ ዓመት በዓል የተመለስን ሰሞን ነው ታምሩ የተፈጠረው። ኮሪደሩ በጩኸት ተናወጠ።

“ማልቪና! ነይማ ወዲህ! ነይና ህዋስ ምን እንደሚመስል እይ!”

ማልቪና ሄደች። እኔም ትሎቼን ትቼ ተከተልኩ። ከበዓሉ በፊት አረም ወሯቸው የነበሩት የራዶስቲን ሳህኖች ጥግ እስከ ጥግ ተሸፍነዋል። ህዋሶቹ ጎዳና ላይ እንደተነጠፈ ኮብልስቶን ገጥመው ተደርድረዋል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ከሥራቸው ፈሳሽ ቋጥረው እንደ ፊኛ ብቅ ብለዋል። ማልቪና ማይክሮስኮፑ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየች።

“አየሽ? ሐሞት ያመነጫሉ!” አላት ራዶስቲን።

“ፈሳሽ ቋጥረዋል። ሐሞት መሆኑን ማን ነገረህ?”

“ዓይኔ!”

“ዓይንህ ያን ያህል አይታመንም። አስመርምራቸው።”

“አቤት! ቅናት እንዴት ያምርብሻል!”

አላስመረመራቸውም። ምን ቸገረው? ቀን በቀን እየተባዙ ነው፤ ሳህን ሞልተው ጠርሙስ፣ ጠርሙስ ሞልተው መደርደሪያ ወረሱ። አልደከሙም፤ አልሰፉም። ራዶስቲን “የማይሞቱ የበግ ሐሞት ህዋሶች” አላቸው፤ ስማቸውንም “ካልቼቭ አንድ” ብሎ አወጣ። የክልሉ ቴሌቪዥን መጥቶ ቀረጸው። ዓይኑን ማይክሮስኮፕ ላይ ተክሎ እንዲታይ ስለፈለገ ፊቱ አልታይ ብሎ ሦስት ጊዜ ደገሙት። ዳይሬክተራችን ፕሮፌሰር ሩምያና እንኳ፣ በቀላሉ የማይደሰቱ ሴት ሳሉ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደሱ ክፍል ይዘው መሄድ ጀመሩ።

በየካቲት፣ የወይን ተክል በሚገረዝበት በዓል ቀን፣ አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበን ነበር። ራዶስቲን ብርጭቆውን ይዞ ወንበር ላይ ወጣ።

“ወገኖቼ! ያምቦል ለዓለም የማትሞት በግ ሰጠች!”

ከጥግ አንድ የሞቀው ሰው “ታዲያ ካልሞተች ምን ልንበላ ነው?” ብሎ ጠየቀው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ራዶስቲን የሳቁትን ሰዎች አንድ በአንድ አየና “ድንቁርና” ብሎ ወረደ። በዚያ ምሽት በሳይንስ ረገድ የሚረባ ጥያቄ ያነሳው ግን ያ ሰካራም ብቻ ነበር።

ዝናው ከአገር ወጣ። ብርኖ ከተማ ያሉ የጉበት ተመራማሪዎች ህዋሶቹን ላኩልን አሉ። ራዶስቲን ታቦት የሚሸኝ ይመስል ሳጥኑን እስከ መኪናው ድረስ ተሸክሞ ሸኘ። ሚያዝያ ሲገባ ደግሞ ዶክተር ሊቡሼ የምትባል ሴት ከዚያው ልትደውል ቀጠሮ ያዘች። ፕሮፌሰር ሩምያና ሁላችንንም ቢሯቸው ሰበሰቡን። ጠረጴዛው ላይ ባኒጻ የሚሉት አይብ ያለበት ቂጣ ቀርቧል፤ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ተደርጓል፤ ራዶስቲን ፀጉሩን ተስተካክሏል።

“እንኳን ደስ አላችሁ ብል ደስ ባለኝ ነበር” አለች ሴትየዋ። “አንድ ነገር ልጠይቅ። በእርግጥ የበግ ናቸው?”

“የበግ ሐሞት ቱቦ ናቸው፣ እመቤት” አለ ራዶስቲን ደረቱን ነፍቶ። “በገዛ እጄ ያሳደግኋቸው።”

“ደጋግመን መረመርናቸው። በግ የሚባል ነገር የለባቸውም። እነዚህ ህዋሶች የውሻ ናቸው።”

ባኒጻ አፉ ውስጥ የነበረ ሰው ማኘክ አቆመ። ማልቪና ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ “የታችኛው መደርደሪያ!” ይላል። መጀመሪያ ወደ ራሱ እጅ፣ ወደ ራሱ ጠርሙስ ይመለከታል። ራዶስቲን ግን ፊቱ መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ በራለት።

“ጌንቾ!” አለ። “ያ ባለ ቄራ! ሰውዬው እዚያ ምን እንደሚያርድ ማን ያውቃል?”

የራሷ አሮባት የሰው ታማስል ማለት ይህ ነው።

“አፍህን ሰብስብ!” አለች ማልቪና ተነስታ። “የበግና የውሻ ጉበት የማትለይ የእንስሳት ሐኪም ነህ? የውሻው እንደ መጽሐፍ ብዙ ቦታ የተከፋፈለ እንደሆነ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል!”

“ያን ቀን ቆራርጠው ነበር ያመጡት” አለ ራዶስቲን ዓይኑን እንኳ ሳያሽ። “ሙሉ ቢሆን እለየው ነበር።”

ውሸት ነበር። ጋሼ ጌንቾ ጉበት ቆራርጠው አምጥተው አያውቁም። ፕሮፌሰር ሩምያና ግን ፈሩ። ነገሩ የምግብ ጉዳይ ከሆነ ዝም ማለት አይቻልም ብለው ለጤና ተቆጣጣሪዎች ነገሩ። ተቆጣጣሪዎቹ ቄራውን ከጣሪያ እስከ ወለል ፈተሹት፤ ምንም አላገኙም። ከተማው ግን በዚህ አልረካም። ምንም አልተገኘም ማለት በደንብ ደብቀውታል ማለት ሆነ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ተቃርቧል። ያን ቀን ጠቦት የማያርድ ቤት የለም፤ የጋሼ ጌንቾ ሥራም ዋናው ያኔ ነው። ያዘዙት ሰዎች ሁሉ እየደወሉ ቀሩ። አንዷ ልጄ ታመመ አለች፤ ሌላዋ ዘንድሮ ዓሣ አስበናል አለች። አንድ ባለጌ ደግሞ ደውሎ “ጋሼ ጌንቾ፣ የሚግጠውን ነው የሚያርዱልኝ የሚጮኸውን?” አላቸው። ማታ ማታ ልጆች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጮሁ ነበር፤ ዋው ዋው እያሉ። ባለቤታቸው እትዬ ስቶያንካ የመንደሩ ሱቅ መሄድ ተዉ።

አንድ ረፋድ ላይ ጋሼ ጌንቾ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ተቋማችን መጡ። ራዶስቲን ድምፃቸውን ከደረጃው ሲሰማ ኮሪደሩ ላይ ናሙና የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ዘሎ ገባ። በሩን ሳይዘጋው አንገቱን አውጥቶ “ስብሰባ ላይ ነው በያቸው” አለኝ በሹክሹክታ።

እኔም ለጋሼ ጌንቾ ያለኝን ነገርኳቸው፤ ደግሞም ሽማግሌ ማስቆም ነውር ነውና ወንበር አመጣሁላቸው። ወንበሩን ልክ ቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ አደረግሁት። ከኮሪደሩ ማሽን ቡና ቀድቼ ሰጠኋቸው።

“ስብሰባው ይቆያል?” አሉኝ።

“እንደ ተሰብሳቢው አቅም ነው፣ ጋሼ።”

“ይሁን፤ እጠብቃለሁ። ቤትም ሥራ የለ።” ቡናውን ሳይጠጡ በእጃቸው ይዘው ቆዩ። “እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ነው፣ ልጄ። እሱ ሲመጣ ባርኔጣዬን አውልቄ ነበር የምቀበለው። ጉበት ብሎ ለምኖኝ ነፍጌው አውቃለሁ? ስቶያንካ በዓል ሲመጣ ጉበቱን በሩዝ ትሠራው ነበር። የእኛ ቤት ሰው ሁሉ የሚወደው እሱን ነው። ስንት በዓል ያለሱ አሳለፍን፤ ዶክተሩ ይፈልገዋል እያልኩ። አሁን ልጄ ከቡርጋስ ደውላ ‘አባባ፣ እውነት ነው?’ ትለኛለች። የገዛ ልጄ!”

ከበሩ ጀርባ ኃይለኛ ማስነጠስ ተሰማ።

“ውስጥ ሰው አለ እንዴ?”

“የለም ጋሼ፤ ናሙና ነው።”

“ናሙና ያነጥሳል?”

“የእኛውማ አይጠየቅ!”

ሁለተኛ አነጠሰ። ሦስተኛው ሲመጣ በሩ ተከፈተና ራዶስቲን ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ፣ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ወጣ። ጋሼ ጌንቾ ቀስ ብለው ተነሱ።

“ከእኔ ነው የተደበቅኸው?”

“ጋሼ ጌንቾ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው። በዚህ ደረጃ አስተያየት መስጠት…”

“እኔ ቢላ ይዤ አልመጣሁም። ‘ጌንቾ የሰጠኝ በግ ነው’ በልልኝ ልልህ ነው የመጣሁት።”

“ሂደቱ ሲጠናቀቅ…”

“ሐሞት ነው የሚያጠናው ብለውኝ ነበር” አሉ ጋሼ ጌንቾ ወደ እኔ ዞረው። “መልካም ነው። ሰው የሌለውን ነገር ቢያጠና አይከፋም።” ቡናውን እጄ ላይ አስቀምጠው በደረጃው ወረዱ።

ማልቪና በዚያ ሳምንት ሌላ ሥራ አልሠራችም። ህዋሶች ሲያድጉ ከየጊዜው ጥቂት ጥቂት ተወስዶ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀዘቅዛል። ይህን ራዶስቲን ራሱ አድርጎት ነበር፤ ለክብሩ ማስታወሻ ይሆናሉ ብሎ። ከመጀመሪያው ሰሞን አንድ ብልቃጥ፣ ከመካከሉ አንድ፣ ከመጨረሻው አንድ አወጣች። ከታችኛው መደርደሪያ ደግሞ የውሻ ኩላሊቱን ጨመረችና አራቱንም ወደ ብርኖ ላከቻቸው። መልሱ ሲመጣ ያው ቢሮ፣ ያው ስልክ ዙሪያ ተሰበሰብን። ባኒጻ አልነበረም።

“የመጀመሪያው ንጹሕ በግ ነው” አለች ሊቡሼ። “የመካከለኛው በግና ውሻ ተቀላቅሎበታል። የመጨረሻው ውሻ ብቻ ነው። ውሻውም ያው ራሱ ነው፤ ከመደርደሪያችሁ የላካችሁልኝ የኩላሊት ህዋስ።”

ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር የለም። ጋሼ ጌንቾ ያመጡት በግ ነበር፤ ውሻው የገባው እዚሁ ነው፣ በአንድ ሰው እጅ። ሁላችንም ወደ ራዶስቲን ዞርን።

“እና ምን ይጠበስ?” አለ። “ይህ በዓለም ላይ ያለ ነገር ነው! በትልልቅ ላቦራቶሪዎች ሳይቀር ይደርሳል!”

“ልክ ነህ” አለችው ማልቪና፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። “ይደርሳል። ጠብታዋ ከእኔም እጅ ልትወድቅ ትችል ነበር። ለወደቀችው ጠብታ ማንም አይፈርድብህም፣ ራዶስቲን። አንተ ግን ጠብታዋን አንስተህ ሽማግሌ ላይ ደፋሃት።”

ፕሮፌሰር ሩምያና መነጽራቸውን አወለቁ። እሳቸውም ቸኩለው እንደነበር ያውቃሉና ፊታቸው ተለዋውጧል። “በበዓሉ ቀን መንደሩ ሄደህ ትናገራለህ። ሕዝብ ፊት።”

“ደብዳቤ ብንጽፍላቸው አይሻልም?”

“ወሬው የሄደው በደብዳቤ አይደለም።”

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን በመኪና ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ ማልቪናና ራዶስቲን። ፕሮፌሰሯ ለብቻቸው መጡ። ራዶስቲን መንገዱን ሙሉ ሱፉን ይፈለፍላል። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሦስት ትልልቅ ድስቶች ተጥደዋል። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ባርከዋቸዋል፤ ሕዝቡ ሳህን ይዞ የበዓሉን የበግ ሾርባ ለመቀበል ተሰልፏል። ሁለቱ ድስቶች ዘንድ ሰልፉ እስከ አጥሩ ይደርሳል። ሦስተኛው ድስት ጋሼ ጌንቾ ከራሳቸው በግ ያቀረቡት ነው። እዚያ እትዬ ስቶያንካ ጭልፋ ይዘው ብቻቸውን ቆመዋል፤ አጠገባቸው የጋሼ ጌንቾ እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሌላ ማንም የለም።

ራዶስቲን ደረጃው ላይ ወጣ። ያን ቀን እንኳ ጋዋኑን ለብሶ ነበር።

“የተከበራችሁ የመንደሩ ነዋሪዎች! በናሙና አያያዝ ሂደት ውስጥ በተከሰተ ቴክኒካዊ አለመጣጣም ምክንያት፣ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የተደረሰበት ግምት በድጋሚ ሲታይ…”

“ምን ነው የሚለው?” አለ አንድ ሰው።

“ታምሜያለሁ ነው የሚለው” አለው ሌላው።

“ዶክተር!” አሉ እትዬ ስቶያንካ ከድስታቸው ሳይነቃነቁ። “ውሻው የማን ነው?”

“በሳይንሳዊ አነጋገር የህዋሶቹ መነሻ…”

“የማን ነው አልኩህ?”

ራዶስቲን ወደ ማልቪና አየ፤ ወደ ፕሮፌሰሯ አየ፤ ወደ መኪናው አየ። የሚያስጥለው አላገኘም።

“የእኛ ነው” አለ በሚያንስ ድምፅ።

“ጮክ በል፤ አማቴ ጆሯቸው ይከብዳል።”

“የእኛ ነው! ከላቦራቶሪው ነው! ጋሼ ጌንቾ ያመጡት በግ ነበር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ!”

በርጩማ ላይ የተቀመጡት አሮጊት ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። “ቅድምም ሰምቼሃለሁ” አሉ። “ደስ ስላለኝ ነው።”

ሳቁ ከዚያ ፈነዳ። እትዬ ስቶያንካ ግን አልሳቁም። ሳህን ሞልተው ቀድተው ደረጃው ድረስ ወሰዱለት። “ብላ” አሉት። “በግ ነው።” ራዶስቲን መንደሩ ሁሉ እያየው ቆሞ በላ። አፍንጫው ቀልቶ፣ እንፋሎቱ መነጽሩን ጋርዶት፣ ጥርግ አድርጎ በላ። መጀመሪያ ቄሱ፣ ከዚያ አንዲት ሴት፣ ከዚያ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ሦስተኛው ድስት መጡ። ጋሼ ጌንቾ ለመጣው ሁሉ እንኳን አደረሰህ አሉ። ራዶስቲን እጁን ሲዘረጋላቸው ግን ዳቦ ለመቁረስ ዞሩ።

ሁሉም አልተመለሰም። አንዳንድ ደንበኛ እንደወጣ ቀረ፤ ለመመለስ ማፈርም ከመንገድ ያስቀራል። ልጆቹ ለመጮህ አንድ ጊዜ ተምረዋልና አሁንም አልፎ አልፎ ይጮሃሉ። ጋሼ ጌንቾም ለተቋሙ ጉበት ማምጣት አቆሙ። ማልቪና አንድ ዓመት ሙሉ ከሩቅ ቄራ እያመላለሰች ሠራች። በኋላ አንድ ቀን ራሳቸው ሳጥናቸውን በበረዶ ሞልተው መጡና በሩ ላይ “ይህ ለአንቺ ነው፤ ለሕንጻው አይደለም” ብለው ሰጧት።

እሷ አሁን ህዋሶቹን እንደ ጄሊ ረጋ ባለ ነገር ውስጥ ትቀብራቸዋለች። እዚያ ውስጥ ተጠቅልለው ውስጣቸው ባዶ የሆነ ድብልብል እየሆኑ ያድጋሉ፤ በዓይን ሲያዩአቸው የአሸዋ ቅንጣት ያህላሉ። ይደክማሉ፣ ይሞታሉ፣ እንደገና ትጀምራለች። ከአዲሶቹ መድኃኒቶች አንዱ የሐሞት ቱቦውን ራሱን እንደሚያቃጥል የታወቀው በእነሱ ነው፤ ወደ በጎቹ ሳይደርስ ቀረ። ለዚህ ቴሌቪዥን አልመጣም።

ራዶስቲንን ማንም አላባረረውም። በራሱ ፈቃድ ለቅቆ ለላቦራቶሪ ዕቃ ሻጮች ተቀጠረ፤ ጥሩም ይሸጣል ይባላል። ባለፈው መስከረም ፕሎቭዲቭ ከተማ በተደረገ ኤግዚቢሽን ላይ አየሁት። የሚያብረቀርቅ ማሞቂያ ሳጥን አጠገብ ቆሞ፣ ወጣት ተመራማሪዎች ከብበውት ያወራል።

“አንድ ጊዜ” ይላቸዋል “ክፍላችን ውስጥ የበግ ህዋስ ነው የሚሉት ነገር ነበር። ሁሉም ያጨበጭባል። እኔ ግን ዓይኔ አላመነም። ገና ሳየው አንድ ነገር ሸተተኝ። ‘ይህ ውሻ ነው!’ አልኩ። ማን ይስማኝ? ብርኖ ድረስ አስልኬ አስመረመርኩት። የገዛ አለቃዬ ሳትቀር ይቅርታ ጠይቃኛለች።”

በዚህ መሃል ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ይደነግጣል ብሎ የሚጠብቅ ራዶስቲንን አያውቀውም። ፈገግ ብሎ በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። “እነሆ፣ እሷ ምስክር ናት! እዚያው ነበረች!”

ወጣቶቹ በአክብሮት ዞረው አዩኝ። የምለውን ሳስብ አንደኛው ስለ ሳጥኑ ዋጋ ጠየቀ፤ ራዶስቲንም ክንዱን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ወሰደው።